ጢሱን በጨዋታ ስለ መለካት

በማለዳ ከእንጦጦ ቁልቁል የተመለከተ አንባቢያችን በየካ ላይ የተኛውን ግራጫ ጢስ ሳይታዘብ አይቀርም። ሌሊት የቀዘቀዘው አየር ከተራራው ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ ከበላዩ ሞቅ ያለ አየር እንደ ክዳን ይገጠምበታል። የምጣዱ፣ የአሮጌው መኪናና የሚቃጠለው ቆሻሻ ጢስ ሁሉ ፀሐይ መሬቱን እስክታሞቅ ድረስ ከክዳኑ ሥር ታፍኖ ይቆያል። ይህ በዓይን የሚታየው ነው። ሳንባን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ከጠጉር ሠላሳ ጊዜ ያህል የቀጠነው ብናኝ ስለሆነ ያለ መሣሪያ አይታወቅም።

በመሣሪያ ረገድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የምናየው በተውሶ ዓይን ነበር። በእንጦጦ መንገድ የሚገኘው የአሜሪካ ኤምባሲ የተከለው መለኪያ ውጤቱን ለሕዝብ ያሳይ ነበር። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ከኤምባሲዎቹ የሚገኘውን የአየር ልኬት ማሰራጨት አቆመ። ውሳኔው የተሰጠው ዋሽንግተን ነው፤ ጢሱን የምንተነፍሰው ግን እኛ ነን። የዓለም የጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ የ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ኩብ ሜትር አየር ውስጥ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የኮተቤ ነዋሪ በሰፈሩ ስንት እንደ ደረሰ በምን ይወቀው?

ሕዝቡ ራሱ እንዲለካ ማድረግ በሌላ አገር ተሞክሯል። በቤልጂግ፣ በፍላንደርዝ አውራጃ፣ በግንቦት 2010 ዓ.ም. 20,000 ያህል ተሳታፊዎች የመኪና ጢስ የሚለኩ ትናንሽ ቱቦዎችን በየቤታቸው መስኮት ሰቀሉ። በካምፓላም የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ርካሽ መለኪያ ሠርተው በየሰፈሩ ተክለዋል፤ በሞተር ብስክሌት ታክሲዎችም ላይ አስረዋል። ነገር ግን ሰው አንድ ሳምንት ለክቶ ይሰለቻል። ነጥብ፣ ቡድንና ፉክክር የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። የገና ጨዋታ በሰፈር ተከፋፍሎ ያለ ደመወዝ የሚሮጥ ሰው እንደማይጠፋ ያሳየናል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ከሾላ፣ ኮተቤ ከመገናኛ ቢጋጠሙ ተመልካች የሚያጡ አይመስለንም።

አስቸጋሪው ጥያቄ ነጥቡ ለምን ይሰጥ የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተነገረ። ቁጥሩን ብዙ ሰው ያስታውሳል፤ ስንቱ ጸደቀ ብሎ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው። በአየርም ነገር ከፍተኛ ቁጥር ያመጣ ያሸንፋል ካልን፣ ተጫዋቹ መለኪያውን ወስዶ ከምድጃው አጠገብ ያስቀምጠዋል። (ተማሪ ከሆነማ በመጀመሪያው ቀን!) በክረምት ደግሞ የእንጦጦ ጉም ራሱ ያታልላል፤ ርካሹ መለኪያ ብናኙን የሚያውቀው የብርሃኑን መበተን አይቶ ስለሆነ የጉሙንም ጠብታ ብናኝ ነው ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ነጥቡ በየቀኑ በተወሰነው ሰዓት ለለካ፣ ልኬቱም ከጎረቤቱ መለኪያ ጋር ለተቀራረበለት ቢሰጥ እንመርጣለን።

ሌላም የሚያሳስበን ነገር አለ። ጢስ ላገኘ ሁሉ የሚሸልም ጨዋታ ከአሮጌው የጭነት መኪና ይልቅ ቀድሞ የሚያጋልጠው የድኻዋን ማድቤት ነው። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክማ የምትወርደው ሴት ከማንም ይልቅ ጢሱን ትተነፍሳለች፤ ለመጫወት ግን ጊዜ የላትም። እንግዲህ መዝገቡ ሰፈሩንና ሰዓቱን እንጂ የቤት ቁጥር አይያዝ። ከየቡድኑም ቢያንስ አንድ መለኪያ እንጀራ በሚጋገርበት ቤት፣ በባለቤቲቱ ፈቃድ፣ ነጥብ ሳይታሰብበት ይቀመጥ።

ለመጀመሪያው ግጥሚያ ጉም የማይበዛበት የኅዳር ወር ይመቻል። በ1911 ዓ.ም. ከደረሰው የኅዳር በሽታ ወዲህ ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ እየተሰበሰበ ሲቃጠል ኖሯል። ቡድኖቹ ከኅዳር 10 እስከ 14 በየማለዳው ቢለኩ፣ ኅዳር ሲታጠን አየሩ ምን እንደሚሆን በቁጥር ያሳዩናል። ከዚያ በፊት ግን የፊዚክስ ተማሪዎች መለኪያዎቹን ሁሉ ሁለት ሳምንት ባንድ ሰገነት ላይ ጎን ለጎን አቁመው ማመሳከር ይኖርባቸዋል።