የቢራ ቅምሻ በቤት፦ ተረቱና እውነታው

አነስተኛ ጠማቂዎች የሚሠሯቸውን ክራፍት ቢራዎች ሰብስቦ ከወዳጅ ጋር ማወዳደር ጥሩ የምሽት ጨዋታ ነው። ግን ብዙዎቻችን ቢራ የምንመዝንባቸው ልማዶች ጣዕሙን ከመግለጥ ይልቅ ይሸፍኑታል።

«ቢራ በቀዘቀዘ ቁጥር ይጣፍጣል»

ቅምሻን እንደዚህ እምነት የሚያበላሽ የለም። ቅዝቃዜ ምላስን ያደነዝዛል፣ መዓዛውም ከብርጭቆው እንዳይነሳ ያደርጋል። ጣዕም የምንለው ነገር ደግሞ ብዙው የአፍንጫ ሥራ ነው። ለጥም የሚጠጣ ቀላል የላገር ዓይነት ቢራ በ4 ወይም በ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢቀርብ ያምርበታል። ጥቁሮቹና ከበድ ያሉት ኤል የሚባሉ ቢራዎች ግን ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ሲደርሱ ነው ማንነታቸው የሚታወቀው፤ ስለዚህ ከፍሪጅ ወጥተው ጥቂት ይቆዩ። በረዶ የሆነ ቢራ እንከኑም አብሮ ስለሚደበቅ፣ መናኛውን ከምርጡ መለየት ያስቸግራል።

«ጥቁር ቢራ ኃይለኛ ነው»

ጥቁረቱ የሚመጣው ጠቆር ተደርጎ ከተቆላ ብቅል ወይም ገብስ ነው። የአልኮሉን መጠን የሚወስነው ግን እርሾው ያብላላው ስኳር ነው። ጥቁሩ ጊነስ ድራፍት 4.2 በመቶ አልኮል ሲኖረው፣ ወርቃማው የቤልጂየም ዱቬል 8.5 በመቶ ነው። በዓይኑ ፈርዶ ዱቬልን እንደ ውኃ የሚጋተው ሰው ነው የሚጎዳው።

«አረፋ ብርጭቆ መሙያ ነው»

አይደለም። የብቅሉ ፕሮቲንና ሆፕ ከተባለው ተክል የሚገኘው መራራ ንጥረ ነገር ተያይዘው የሚሠሩት ሲሆን መዓዛውን ወደ አፍንጫ የሚያደርሰውም እሱ ነው። ቶሎ ከከሰመ መጀመሪያ ብርጭቆውን ይጠርጥሩ፤ ቅባት ወይም የሳሙና ቅሪት አረፋን ያጠፋል። ከጠርሙስ አፍ እየተጠጣ ቅምሻ የለም።

«የጣሳ ቢራ ብረት ብረት ይላል»

ጣሳው ውስጡ ስለተለበጠ ቢራው ብረቱን አይነካውም። እንዲያውም የቢራ ዋና ጠላት የሆነውን ብርሃን ሙሉ በሙሉ ይከለክላል። ብርሃን የሆፑን ንጥረ ነገር ሲያገኘው የሚከረፋ ሽታ ይፈጥራል። ቡናማ ጠርሙስ በደንብ ይከላከላል፤ አረንጓዴውና ነጩ ግን ብዙም አያስጥሉም።

«ጭስ ጭስ የሚል ቢራ ተበላሽቷል»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የዳኝነት ቁልፉ ያለው እዚህ ነውና። በጀርመን ባምበርግ ከተማ ብቅሉን በእንጨት ጭስ አድርቀው የሚጠምቁት ራውኽቢር የሚባል ቢራ አለ፤ ሽሌንከርላ የተባለው ቤት በዚሁ የታወቀ ነው። ጋኑ በወይራ የታጠነ ጠላ ጠጥቶ ያደገ ሰው ይህን ጭስ አይሸሸውም። ያው ጭስ ፒልስነር በሚባለው የላገር ዓይነት ውስጥ ቢገኝ ግን ጉድለት ነው። የባቫሪያ የስንዴ ቢራም ሙዝና ቅርንፉድ ይሸታል፤ ማንም ሙዝ አልጨመረበትም፣ የእርሾው ሥራ ነው፣ ሊመሰገንም ይገባል። የቅቤ ሽታ ያለው ላገር ግን ነጥብ ይቀነስበታል፤ እርጥብ ካርቶን የሚሸተውም አርጅቷል። እንግዲህ ዳኛው «ወደድኩት ወይስ ጠላሁት?» ከማለቱ በፊት «ይህ ቢራ ምን ሊሆን ነው የተጠመቀው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

የቢራ ዳኞችን የሚያሠለጥነውና የሚመሰክረው፣ በአሜሪካ በ1985 የተመሠረተው ቢጄሲፒ ከ50 ነጥብ 12ቱን ለመዓዛ፣ 3ቱን ለመልክ፣ 20ውን ለጣዕም፣ 5ቱን አፍ ውስጥ ለሚሰጠው ስሜት፣ 10ሩን ለአጠቃላይ ግምት ይሰጣል። ብዙ ሰው ቀድሞ የሚፈርድበት መልክ 3 ነጥብ ብቻ እንዳለው ልብ ይበሉ። ይህን ክፍፍል በወረቀት ገልብጦ ለቤት መጠቀም ይቻላል።

«ውድ ከሆነ ይበልጣል»

ዋጋና ስም ምላስን ቀድመው ይፈርዳሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ጠርሙሶቹን በወረቀት ጠቅልሎ ቁጥር ይስጣቸው። አራት ወይም አምስት ዓይነት ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ከ100 ሚሊ ሊትር አይበልጥ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከለስላሳው ወደ መራራው ይኬድ። በመሃል ውኃና ባዶ ዳቦ ይቅረብ፤ በርበሬ የበዛበት ወጥ ከቅምሻው በኋላ ይምጣ። አንዱ ጮክ ብሎ «ሙዝ ሸተተኝ» ካለ ሌላውም ሙዝ ይሸተዋልና፣ ሁሉም ነጥቡን ሳይጽፍ አስተያየት አይሰማ፣ ወረቀቱም አይገለጥ።