ጥቂት በጥቂት፦ የአፍንጫ አለርጂን በማላመድ ስለ ማከም

የአፍንጫ አለርጂ ሰውን አልጋ ላይ የማይጥል፣ ለሞትም የማያሰጋ ደዌ በመሆኑ ያልደረሰበት ሰው አቅልሎ ቢመለከተውም፣ የደረሰበት ግን ወቅቱ በመጣ ቍጥር በላይ በላዩ እያነጠሰ፣ ዐይኑ እያሳከከውና እያለቀሰ፣ አፍንጫው ታፍኖ ሌሊቱን ሙሉ በአፉ እየተነፈሰ፣ ቀን ከሥራው ሌሊት ከእንቅልፉ ተለይቶ የሚኖር ምስኪን ነው። ሐኪሞች የሚያዙለት ክኒንና ወደ አፍንጫ የሚነፋው መድኃኒት የታመኑ ረዳቶች ቢሆኑም፣ ሥራቸው ሕመሙን ማስታገሥ እንጂ የሥጋውን ጠባይ መለወጥ ስላልሆነ፣ በተቋረጡ ጊዜ ሕመሙ ይመለሳል። ኢሚውኖቴራፒ የተባለው ሕክምና ግን የተለየ ፍኖት ይከተላል፤ ይኸውም ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን ያንኑ ነገር፣ ለምሳሌ የሣር አበባ ብናኝን፣ እጅግ አሳንሶና ለክቶ ለበሽተኛው እየሰጠ ሥጋው ጥቂት በጥቂት እንዲለምደው ማድረግ ነው።

የዚህ ጥበብ መነሻ በሎንዶን ከተማ፣ በሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ይገኝ የነበረውና ሰር አልምሮዝ ራይት የመሩት የክትባት ክፍል ነው። በዚያ የሚሠራ ሌናርድ ኑን የሚባል ወጣት ሐኪም፣ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1911 ዓ.ም. (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) የሥራውን ውጤት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተመ። በእንግሊዝ አገር ሣሩ አብቦ ብናኙን ለነፋስ የሚሰጠው እኛ ክረምትን በምንቀበልበት በሰኔ ወር ገደማ ነው። ኑን ቲሞቲ ከተባለው የግጦሽ ሣር የተሰበሰበውን ብናኝ በተጣራ ውሃ ዘፍዝፎ፣ ደጋግሞ በረዶ እያደረገና እያቀለጠ ጭማቂውን አወጣ፤ ከአንድ ሚሊግራም ብናኝ አንድ ሺኛ እጅ የሚገኘውንም ኃይል አንድ መለኪያ አለው። የበሽተኛውን ጽናት ለማወቅም ከቀጭኑ ጭማቂ ጀምሮ ወደ ብርቱው እየተሻገረ በዐይኑ ላይ ያንጠባጥብና፣ ዐይኑ መቅላት የጀመረበትን መጠን ይመዘግባል፤ ከቈዳ ሥር በመርፌ ከወጋው በኋላም ዐይኑን መልሶ ይመረምራል። በዚህ ዐይነት፣ አስቀድሞ በቀጭኑ ጭማቂ ይቀላ የነበረው ዐይን ኋላ እጅግ የበረታውን ሲታገሥ አየ። መጠኑ ሲበዛ ወይም መርፌው ሲቀራረብ ግን በሽተኛው በመሻሉ ፈንታ እንደሚብስበት ጨምሮ ጻፈ፤ ከሥራው ሁሉ ለእኔ የሚከብርብኝ ይህ ጥንቃቄው ነው። ኑን በ1913 ዓ.ም. ገና በወጣትነቱ በሳንባ ነቀርሳ ሲያርፍ፣ ሥራውን የሥራ ባልንጀራው ጆን ፍሪማን ተረክቦ ቀጠለ።

የሚያስደንቀው ኑን የተነሣበት ሐሳብ ትክክል አለመሆኑ ነው። እርሱ በብናኙ ውስጥ መርዝ ያለ መስሎት፣ ሥጋ ለዚያ መርዝ ማርከሻ እንዲያበጅ ነበር የደከመው። ብናኙ ግን መርዝ የለበትም፤ ጥፋቱ የሥጋችን ዘበኛ ምንም የማይጐዳውን መንገደኛ ወንበዴ ነው ብሎ መጮኹ ነው። በ1960ዎቹ ዓመታት ኪሚሺጌና ቴሩኮ ኢሺዛካ የተባሉ ባልና ሚስት በአሜሪካ፣ ዮሃንሶንና ቤኒክ ደግሞ በስዊድን፣ ኢሙኖግሎቡሊን ኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ባገኙ ጊዜ የነገሩ ምሥጢር ተገለጠ። ይህ ፀረ እንግዳ አካል በአፍንጫ ውስጥ ማስት በሚባሉት ሕዋሳት ላይ ተጣብቆ ይጠብቃል፤ ብናኙ በነካው ቅጽበት ሕዋሳቱ ሂስታሚንን ያፈሳሉ፤ ማስነጠሱም፣ ንፍጡም፣ ማሳከኩም ከዚያ ይመጣል። መጠኑ እያደገ የሚሄደው መርፌ ግን ይህን ሁከት የሚገቱ ሌሎች ሕዋሳትን ያስነሣል፤ ብናኙንም ወደ ማስት ሕዋሳት ሳይደርስ ቀድሞ የሚይዘው ኢሙኖግሎቡሊን ጂ4 እንዲበዛ ያደርጋል።

ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሕመሙ ቀስቃሽ በቈዳ ወይም በደም ምርመራ ተለይቶ መታወቅ አለበት። ከዚያ በኋላ መርፌው በየሳምንቱ መጠኑ እየጨመረ ጥቂት ወራት ይሰጥና፣ ሙሉው መጠን ላይ ሲደረስ በወር አንድ ጊዜ ያህል ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ጊዜ በሽተኛው ቢያንስ 30 ደቂቃ በክሊኒኩ ይቈያል፤ የተወጋበት ክንድ ቀልቶ ቢያብጥ የሚያስደነግጥ ባይሆንም፣ አልፎ አልፎ ጕሮሮን የሚያፍንና የደም ግፊትን የሚጥል ብርቱ አለርጂ ሊነሣ ስለሚችል፣ አድሬናሊን በእጅ መገኘት አለበት። በእንግሊዝ አገር ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ 26 ሰዎች በዚህ ሕክምና ሰበብ መሞታቸው በ1986 ዓ.ም. በተነገረ ጊዜ ሕጉ እጅግ የጠበቀው በዚህ ምክንያት ነው። አስሙ ያልተገታ ሰው መርፌውን ሊወስድ አይገባውም።

መርፌውን ለሚፈሩ፣ ወይም ወደ ክሊኒክ መመላለስ ለማይችሉ፣ ከምላስ ሥር የሚቀልጥ ክኒን ተገኝቶላቸዋል፤ በአሜሪካ ለሣር ብናኝ የሚሆነው በ2014 ዓ.ም. ተፈቀደ። የመጀመሪያው ክኒን በሐኪም ፊት ይወሰዳል፤ የቀረው በየቀኑ በቤት ነው።

በ1999 ዓ.ም. ከሎንዶን የወጣ ጥናት፣ የሣር ብናኝ መርፌን 3 ወይም 4 ዓመት የወሰዱ ሰዎች ካቋረጡም በኋላ ለ3 ዓመት ያህል ፈውሳቸው እንደ ጸና አሳየ። በ2017 ዓ.ም. እዚያው ሎንዶን በወጣው ሌላ ጥናት ግን፣ መርፌውን ወይም ክኒኑን 2 ዓመት ብቻ የወሰዱት፣ ባቋረጡ በዓመቱ ሕክምናውን ካላገኙት ሰዎች የሚለዩበት የጎላ ነገር አልተገኘባቸውም።