ጀልባ ብቻውን አይበቃም

ለዓሣ አጥማጅ ጀልባና መረብ ከሰጠን ሥራችን የተፈጸመ ይመስለናል። ነገር ግን ጀልባውን የሚያሳርፍበት ዳርቻ ከሌለው ስጦታችን ምን ይጠቅመዋል?

ይህን ከስሪ ላንካ እንማራለን። በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. ሱናሚ የተባለው የባሕር ማዕበል በዚያች ደሴት ከ30 ሺህ የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ። መንግሥትም በደቡብና በምዕራብ 100 ሜትር፣ በሰሜንና በምሥራቅ 200 ሜትር ከባሕሩ ሳይርቅ ማንም ቤት እንዳይሠራ ከለከለ። ዓላማው ሕይወትን ማዳን ነበር። ሆኖም ሆቴሎች በዳርቻው እንዲቆዩ ሲፈቀድ፣ ጎጆው የፈረሰበት አጥማጅ ግን ራቅ ብሎ እንዲሰፍር ተነገረው። ቅሬታው የተነሣው ከዚህ ነው።

አጥማጁ ዳርቻውን የሚፈልገው ለውበቱ አይደለም። ሞተሩንና መረቡን ከሌባ ይጠብቃል፤ ባሕሩን አይቶ ለመውጣት ይወስናል። ከዳር ሆነው ትልቁን መረብ በኅብረት የሚጎትቱትም ሰፊ አሸዋ ያስፈልጋቸዋል። ባለ ሆቴሉ ደግሞ ገንዘቡን አፍስሷል፤ እንግዶቹም ጸጥታ ይሻሉ።

በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ክልከላው ላላ፤ በመካከሉ ግን ብዙ ቤተሰቦች በጊዜያዊ መጠለያ ቆይተዋል።

እንግዲህ ጀልባ ከመግዛታችን አስቀድመን፣ «ወደ ውኃው የሚያደርሰው መንገድ የማን ነው?» ብለን እንጠይቅ።