ገበያው ከጎጃም አፈር ምን ወሰደ?

የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ሲመረቅ የታሰበው ነገር ግልጽ ነበር። የገበሬው እህል በጥሬው ከመጫን ይልቅ እዚያው ተፈጭቶና ተጨምቆ ይሸጣል፤ ፍኖተ ሰላምን የመሳሰሉ የገጠር ሽግግር ማዕከላት ደግሞ ምርት እየሰበሰቡ ፓርኩን ይመግባሉ። በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር እንዲያመርት የተተከለው የፊቤላ ዘይት ፋብሪካም ቡሬ ላይ የተመረቀው በዚያው ዓመት ነው።

እንዲህ ያለ ንግድ አካባቢን እንዴት እንደሚነካ ሲጠና በብዛት የሚጠቀሱት ኢኮኖሚስቶቹ ጂን ግሮስማንና አላን ክሩገር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1991 የሰሜን አሜሪካን የነፃ ንግድ ስምምነት ሲመረምሩ፣ የከተማ አየር አገር ማደግ ሲጀምር እንደሚቆሽሽ፣ ገቢ ከፍ ሲል ደግሞ እንደሚጠራ አሳዩ። የለኩት ጭስና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ነበር። ጭስ ፋብሪካው ማጣሪያ ሲያስገባ ይቀንሳል። የጎጃም ጉዳይ ግን ከጭስ ማውጫው ይልቅ ያለው አፈሩ ላይ ነው፤ አፈር ደግሞ አገር ሀብታም ስለሆነ ብቻ አይመለስም።

አንድ የበቆሎ ማሳ እንይ። ፍሬው በኩንታል ተሞልቶ አዲስ አበባ ይሄዳል። አገዳው ለከብት፣ ለአጥርና ለምድጃ ይውላል። የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ለማሳው የሚመለስለት በጅቡቲ በኩል የገባ እንደ ዩሪያ ያለ ማዳበሪያ ብቻ ነው። ዝናቡ የበዛበት ይህ ደጋና ወይና ደጋ ከጥንትም ንጥረ ነገሩ በቀላሉ የሚታጠብ ነው፤ ያለ ፍግ ለዓመታት የተጨመረው ዩሪያ አሲዳማነቱን አባባሰው። በአገር ደረጃ ከሚታረሰው መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው ይባላል። እንዲህ ያለ መሬት ማዳበሪያ ቢጨመርለትም የድካሙን ያህል አይሰጥም።

ገበሬው ለዚህ ያገኘው መልስ ባሕር ዛፍ ነው፤ እኔ አልፈርድበትም። አጣናው ለአዲስ አበባ ግንባታ ይሸጣል፣ እስከ ሱዳንም ይሻገራል፤ ብዙ ጉልበትም ማዳበሪያም አይጠይቅም። በቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የተረፈው የአገር በቀል ደን ላይ የነበረውን የማገዶ ጫናም አቅልሏል። ጉዳቱ በጎረቤት ማሳ ላይ ነው፤ ከወሰኑ አጠገብ ያለው ጤፍ ውሃ ተሻምቶበት ይቀጭጫል።

የዘይቱ ነገር ሌላ ትምህርት ይሰጣል። አገራችን ከምትመገበው ዘይት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ የፓልም ዘይት ነው፤ ስለዚህ ደኑ የሚመነጠረው ኢንዶኔዥያና ማሌዥያ ነው። ንግድ ጉዳትን አያጠፋም፣ ቦታ ያስለውጠዋል። በአኩሪ አተርና በኑግ ብንተካው ደግሞ ሸክሙ ወደራሳችን መሬት ይመለሳል።

ሕጉ አለ። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ፕሮጀክት ሳይጀመር እንዲገመገም ያዛል። ግምገማው በተለምዶ የሚያየው የፋብሪካውን ቅጥርና ፍሳሽ ነው፤ ፋብሪካውን የሚመግቡትን ወረዳዎች አፈር ግን አያይም። ትልቁ ክፍተት ይህ ነው።

ማዳበሪያ ለሄክታር ጥቂት ኩንታል ይበቃል፤ አሲዳማ አፈርን የሚያክመው ኖራ ግን በአሥር በሚቆጠሩ ኩንታሎች ያስፈልጋል፤ ገበሬውን የሚያሸንፈው የመጓጓዣው ወጪ ነው። የኖራ ድንጋይ ግን ደጀን ላይ አለ፤ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በቆሎና በርበሬ ጭኖ አዲስ አበባ ያራገፈ መኪና ሲመለስ የሚያልፈውም በዚያው በደጀን ነው። ክልሉም የገበሬ ኅብረት ሥራ ዩኒየኖቹም ኖራውን በተመላሽ መኪና ከማስጫን ቢጀምሩ ይሻላል።