መሣሪያው በገዢው እጅ፤ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ

ነጋዴ ዕቃ በሚያዝበት ጊዜ ዋጋውንና ጥራቱን መመርመሩ የተለመደ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ይሠራ ዘንድ የማን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ መጠየቅም ተገቢ መሆኑን በአሜሪካ አገር የገመድ ቴሌቪዥን የደረሰው ሁኔታ ያስረዳል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ አገር የገመድ ቴሌቪዥን ኩባንያዎች ከወርኀዊው ክፍያ ሌላ ለሪሲቨሩ ኪራይ የሚቀበሉ ስለ ሆነ፥ አንዳንድ ደንበኞች ሪሲቨሩን መልሰው፥ ያለ ዋጋ በሚገኘው በሊኑክስ የሚሠራ ኮምፒዩተር በስፍራው ለመተካት ተነሡ። ሥራው ከባድ አልነበረም። በገመዱ ውስጥ እያንዳንዱ የ6 ሜጋኸርዝ መሥመር በሴኮንድ 38.8 ሚሊዮን ቢት ያህል ይሸከማል፤ ይህም ለሁለት ከፍተኛ ጥራት ላላቸው ጣቢያዎች ይበቃል። ሞገዱን የሚለይ መቀበያ፥ ሰፊ ሃርድ ዲስክና ከ2002 ጀምሮ የታወቀው ሚትቲቪ የተባለው ፕሮግራም ከተገኙ፥ ኮምፒዩተሩ ያሳያል፤ ይቀዳልም። የአንድ ሰዓት ቅጂ እስከ 9 ጊጋባይት ድረስ ሊይዝ ይችላል።

ችግሩ የነበረው በቁልፉ ላይ ነው። ኩባንያዎቹ ጣቢያዎቻቸውን ይቆልፋሉና። በ1996 የወጣው ሕግ ደንበኛው መቀበያውን ከሱቅ ገዝቶ እንዲጠቀም አሰበ። ከዚህም የተነሣ ኬብልካርድ የተባለ፥ የተቆለፈውን የሚከፍት ትንሽ ካርድ መጣ። በ2011 የወጣው ኤችዲሆምረን ፕራይም ይህን ካርድ ተቀብሎ ሦስት ጣቢያዎችን በአንድ ጊዜ ለኮምፒዩተር ያደርስ ነበር። ይሁን እንጂ በሊኑክስ ሊታዩ የቻሉት «ያለ ገደብ ይቀዳ» የሚል ምልክት ያላቸው ብቻ ነበሩ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ይቀዳ» የተባሉት እንደ ዊንዶውስ ሚዲያ ሴንተር ያለ የተፈቀደ ፕሮግራም ይጠይቁ ነበር።

በ2012 የፌዴራል መገናኛ ኮሚሽን ሙሉ በሙሉ ዲጂታል የሆኑት ኩባንያዎች መሠረታዊዎቹን ጣቢያዎች ጭምር እንዲቆልፉ ፈቀደ። በ2015 ዊንዶውስ 10 ያለ ሚዲያ ሴንተር ወጣ። በ2020 ደግሞ ኮሚሽኑ ኩባንያዎቹ ስለ ካርዱ የነበረባቸውን ግዴታ አነሣ። መሣሪያው አልተሰበረም፤ አላረጀም፤ ነገር ግን ጥቅሙ እየመነመነ ሄደ። ፈቃድ ያለውን ፕሮግራም የመረጠውም ሰው ቢሆን ከሊኑክሱ ባለቤት የተሻለ ዋስትና አላገኘም።

በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በብዛት የሚታየው በሳተላይት ዲሽ ስለ ሆነ፥ ለአሜሪካ ገመድ የተሠራ መቀበያ በርካሽ ቢቀርብም የዲሹን ሞገድ አይቀበልምና ለአስመጪው ኪሣራ ነው። ካርድ ወይም የይለፍ ቁልፍ የሚፈልግ ማናቸውም ዕቃ በሚታዘዝበት ጊዜ ግን ሦስት ጥያቄዎች ይቅደሙ፦ የትኛውን ሞገድ ይቀበላል? ቁልፉን የሚይዘው ማን ነው? ቁልፉን የመስጠት ግዴታው እስከ መቼ ይጸናል? መልሱ በጽሑፍ ሳይገኝ ገንዘብን ማውጣት፥ ቤት ገዝቶ የበሩን ቁልፍ ለሌላ መተው ነው።