«ከቫት ነፃ» ተብሎ ሲጻፍ

በአዊዋ ቆሰበር አንድ ባለሱቅ፣ አንድ የግል ትምህርት ቤትና አንድ ማር ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ «ከቫት ነፃ» ብለው ቢጽፉ፣ ሦስቱ የሚሉት ነገር አንድ አይደለም። ልዩነቱ የሚታየው የታክሱ አሠራር ሲታወቅ ነው።

የተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ተደነገገ፤ ኋላም አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተካበት። መደበኛ ምጣኔው 15 በመቶ ነው። የተመዘገበ ነጋዴ ሲሸጥ ታክሱን ከገዢው ይሰበስባል፤ ዕቃ ሲገዛ የከፈለውን ከዚያ ላይ ቀንሶ ልዩነቱን ለመንግሥት ያስገባል። ሸክሙ በመጨረሻ የሚያርፈው መቀነስ በማይችለው ሸማች ላይ ነው።

ትምህርት ከታክሱ ነፃ ከተደረጉ አገልግሎቶች አንዱ ነው፤ ዓላማው የወላጅን ወጪ ማቃለል ነው። ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ቫት አይሰበስብም። ነገር ግን የ100,000 ብር ወንበርና ጠረጴዛ ቢገዛ 15,000 ብር ቫት ይከፍላል፤ ይህን የሚያቀናንስበት የተሰበሰበ ታክስ የለውም፣ ተመላሽም አይጠይቅም። ገንዘቡ ወጪ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ዞሮ በትምህርት ክፍያው ውስጥ ይገባል። ወላጁ በደረሰኙ ላይ ታክስ አያይም፤ ከታክሱ ግን ሙሉ በሙሉ አልዳነም።

ማር ላኪው ሌላ ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ ታክስ የሚከፈልበት ነው፤ ምጣኔው ግን ዜሮ ነው። ስለዚህ የተመዘገበው ላኪ ማሸጊያ ሲገዛ የከፈለው ቫት 15,000 ብር ቢሆን፣ ይህንኑ የላከበትን ሰነድ አቅርቦ፣ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ዕቃው የአገር ውስጥ ታክስ ሳይሸከም ድንበር እንዲሻገር የታሰበ ነው።

ባለሱቁስ? ሽያጩ ለቫት መመዝገብን ግዴታ ከሚያደርገው መጠን በታች ስለሆነ ቫት አይሰበስብም እንጂ ሳሙናው ነፃ ዕቃ አይደለም። ያንኑ ሳሙና የተመዘገበው ጎረቤቱ ሲሸጥ ቫት ይጨመርበታል።

ስለዚህ ውል ወይም የጨረታ ዋጋ የሚያዘጋጅ ሰው ለትምህርት ቤቱ «አገልግሎቱ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ ነው»፣ ለማር ላኪው «በዜሮ ምጣኔ ታክስ የሚከፈልበት ነው»፣ ለባለሱቁ «ሻጩ ለተጨማሪ እሴት ታክስ አልተመዘገበም» ብሎ ለያይቶ ቢጽፍ ይሻላል። «ከማናቸውም ታክስ ነፃ» የሚለው ሐረግ ግን ከሦስቱ ለአንዱም አይሆንም፤ ከቫት ነፃ የሆነው ትምህርት ቤት እንኳ ከመምህራኑ ደመወዝ ላይ የሥራ ግብር ቀንሶ ማስገባት አለበት።