«የእኛ ብርቱካናማ ይኼ አይደለም!»

ሎጎው በቴሌግራም ይላካል፣ ታትሞ ታፔላ ይሆናል፣ ከሱቁ በር በላይ ይሰቀላል። ከዚያ ደንበኛው ስልኩን አውጥቶ «የእኛ ብርቱካናማ ይኼ አይደለም!» ይላል። አታሚው ደግሞ «የላክህልንን ፋይል ነው ያተምነው» ብሎ ይምላል። የሚገርመው ሁለቱም አልዋሹም። ምክንያቱን ላጫውታችሁ።

ስልኩ ቀለም የሚያሳየን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እየረጨ ነው። ማተሚያው የሚረጨው ብርሃን የለውም። ነጩ ቪኒል ላይ ያረፈው ቀለም ከላዩ ከሚወድቅበት ብርሃን ከፊሉን ይውጣል፤ እኛ የምናየው የተረፈውን ነው። በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ብዙ ቀለም ማውጣት ይቻላል፣ ስክሪን ላይ የሚታየውን ሁሉ ግን አይቻልም። የሚያበራ ብርቱካናማና ቦግ ያለ አረንጓዴ ከአራቱ ቀለሞች አቅም ውጪ ናቸው። ሰማያዊም የራሱ ተንኮል አለው፤ ሲያንና ማጀንታ ሁለቱም መቶ በመቶ ከተደረጉ የሚወጣው ሐምራዊ ነው። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ማጀንታውን ከሲያኑ ቢያንስ በ30 በመቶ ዝቅ የሚያደርጉት።

«ታዲያ የፓንቶን ቁጥር ብንሰጣቸውስ?» ትሉ ይሆናል። መስጠቱ ጥሩ ነው። ላውረንስ ኸርበርት በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው ይህ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ቀለም ቁጥርና የቅመማ መጠን ይሰጣል። ችግሩ ቅመማው የተሰላው ቀለም በርሜል ውስጥ ለሚያዋህድ ማተሚያ ቤት መሆኑ ነው። የባነር ማሽን አያዋህድም፤ የያዛቸውን ቀለሞች በጥቃቅን ነጠብጣብ አጠገብ ላጠገብ ይረጫል። ስለዚህ ቁጥሩ የት መድረስ እንዳለብን ይነግረናል እንጂ መንገዱን አያሳየንም።

መንገዱ የሚገኘው በሙከራ ነው፤ እኔ ከዚህ ሙያ አብዝቼ የምወደውም ይህንን ክፍል ነው። አታሚው ለሚፈለገው ቀለም የሚቀርቡ ቀለሞችን በትንንሽ ካሬዎች ያትማል፤ አንዱ ማጀንታው በትንሹ የጨመረ፣ ሌላው ቢጫው የቀነሰ፣ ከእያንዳንዱ ሥር መጠኑ የተጻፈ። ሥራው የሚታተመው ባነር ላይ ከሆነ ሙከራውም እዚያው ባነር ላይ፣ በዚያው ማሽን መሆን አለበት። ቀለሙ በደንብ ይደርቃል፣ ላሚኔት የሚደረግ ከሆነ ይደረጋል፤ አንጸባራቂ ላሚኔት ቀለሙን ሲያደምቀው የማያንጸባርቀው (ማት) ያፈዘዋልና። ከዚያ ደንበኛው ራሱ በጣቱ ይመርጣል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም!

ምርጫው ግን የት ቆሞ? መርካቶ ጨርቅ የሚገዙ እናቶች ይህን ከማንም በፊት ያውቁታል፤ ጨርቁን ይዘው ከሱቁ በር ወጣ ብለው በፀሐይ ያዩታል። በሱቁ መብራት አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች ውጪ ሲወጡ የተለያዩ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ሙያው ሜታሜሪዝም ይለዋል። በየአገሩ ያሉ ትልልቅ ማተሚያ ቤቶች ለዚህ ሲሉ 5000 ኬልቪን የሆነ መደበኛ መብራት ያስቀምጣሉ፤ ለውጪ ታፔላ ግን የእናቶቹ ዘዴ ይበቃል።

ስፔክትሮፎቶሜትር ያለው ደግሞ በሁለት ቀለሞች መካከል ያለውን ርቀት በቁጥር ይለካል። ልኩ ዴልታ ኢ ይባላል፤ 1 አካባቢ ሲሆን ዓይን ለመለየት ይቸገራል። ዓይናችን ለደማቅ ቢጫ ይቅር ባይ ነው፤ ለግራጫ ግን ጨካኝ። ግራጫ ሎጎ ያለው ደንበኛ ለገጠመው አታሚ እዘኑለት።

ተቆርጦ የሚለጠፈው ባለ ቀለም ቪኒልስ? ቀለሙ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ስለሆነ አይስተካከልም፤ ከካታሎጉ የሚቀርበውን መምረጥ ብቻ ነው። በእኔ ግምት ሎጎው አንድ ወይም ሁለት ወጥ ቀለም ያለው ድርጅት መጀመሪያ ቪኒሉን መርጦ ባነሩንና ብሮሹሩን ወደዚያ ቢያስጠጋ ይሻለዋል። ማስተካከል የሚቻለው የሚታተመው ነው፤ ቪኒሉ አንድ እርምጃ አይመጣላችሁም።

ከውስጡ መብራት የሚበራበት ታፔላ፣ ላይትቦክስ፣ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ቀን ላይ ብርሃኑ ቀለሙን አልፎ ይገባል፣ ከነጩ ነጥሮ እንደገና አልፎት ይወጣል፤ ማለትም ሁለት ጊዜ ይጣራል። ማታ ከኋላ የበራው መብራት ግን የሚያልፈው አንዴ ነው፤ ቀኑን ደማቅ የነበረው ቀይ ሮዝ የሚሆነው ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀለሙን አወፍሮ ማተም ወይም ለዚሁ የተሠራ ብርሃን አሳላፊ ቪኒል መጠቀም ነው፤ ናሙናውንም መብራቱ በርቶም ጠፍቶም ማየት።

ሁሉም ተስተካክሎ ከተሰቀለ በኋላ ደግሞ ፀሐይ አለች። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና አልትራቫዮሌቱ ይበረታል። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚሸሹት ማጀንታና ቢጫው ናቸው፤ በየመንገዱ ያረጁ ባነሮች ላይ ያሉ ፊቶች ሰማያዊ የሚሆኑት በዚህ ነው። ስለዚህ ከታፔላው አንድ ፊደል ወድቆ «ያንኑ ቀለም አትሙልኝ» የሚል ደንበኛ ትክክለኛውን ቀለም ቢያገኝም ከጎረቤቶቹ ፊደሎች ጋር አይገጥምለትም። ወይ ናሙናው ከደበዘዘው ጋር ይመሳከራል፣ ወይ መላው መስመር ይቀየራል፤ የትኛው እንደሚሻል ዋጋውን ሰምቶ ደንበኛው ይወስን።